ለዓመታት የቆመ ቮልስ ደሴ ላይ እንዴት ይነሳል

ደሴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሰው የቆሙ ቮልሶች ዛሬም አሉ። ሆጤ፣ ሸዋ በር፣ ሮቢት… በር አንኳኩታችሁ ብትገቡ ከማገዶው ክምር ጎን ያ ክብ ጣሪያ ብቅ ይላል። ባለቤቱ አርፈዋል። ልጆች አዲስ አበባ ናቸው፣ ወይ ውጭ አገር። በዓል ሲመጣ ሁሉም ይሰበሰብና ያው ጥያቄ ይነሳል። ለቆራሌው ትሰጥ ወይስ ትነሳ?

ይህ ጽሑፍ "ትነሳ" ላሉት ነው።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። የምነዳት ሰማያዊ ቮልስ የአክስቴ ነበረች። አክስቴ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ሌሊት ለምጥ ሲጠሩ የሚሄዱት በእሷ ነው። እሳቸው ካለፉ በኋላ መኪናዋ ቆማ ከረመች። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ እያስተማሩኝ አብረን አነሳናት። ከዚያ ወዲህ የሰው ቮልስ ሊነሳ ሲል እኔም እጠራለሁ። ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። የማውቀውን ሁሉ እዚህ አስቀምጫለሁ፤ አብሽሩ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

በቅድሚያ፣ አትግፏት

የደሴ ቁልቁለት ያጓጓል። ጎረምሶቹ ይሰበሰቡና "ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ፣ እኛ እንገፋለን" ይላሉ። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ለዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ አልቋል። የፒስተን ቀለበቶቹ በዝገት ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በግድ ሲዞሩ ቀለበት ይሰበራል፣ ግድግዳው ይቧጠጣል። ከመቆሟ ይልቅ የሚጎዳት ለማስነሳት የሚደረገው ጥድፊያ ነው። ፍሬኗ ያልታየ መኪና ቁልቁል መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ለደሴ ሰው አይነገርም።

የስንት ዓመተ ምህረት ናት?

ሊብሬውን ፈልጉ። ዓመቱን ስታነቡ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አጣሩ። 1967 የሚል ብታገኙ ነገሩ ሰፊ ነው። በእኛ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። በፈረንጆቹ 1967 ደግሞ ፋብሪካው ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ይሸጋገር የነበረበት ጊዜ ነው። አቆጣጠሩን ካምታታችሁ የተሳሳተ ባትሪ ትገዛላችሁ።

ሊብሬው ከጠፋ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ በፈረንጆቹ 1953 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። እንቁላል ቅርጽ ያለው አንድ መስታወት ከሆነ እስከ 1957 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፊ አራት ማዕዘን መስታወት አላቸው። የፊት መብራቱ መስታወት ወደ ኋላ ጋደል ያለ ከሆነ ከ1967 አጋማሽ በፊት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመቷል። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱንም በጨርቅና በጥቂት ናፍጣ ጠርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የስም ዝውውር ላይ ያስፈልጋችኋል።

ወንበሩን ስታነሱ ባትሪውን በቀኝ በኩል ታገኙታላችሁ። የድሮው ባትሪ እዚያው ካለ ክዳኖቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት ክዳን 6 ቮልት ነው፣ ስድስት ክዳን 12። አንድ ነገር አደራ። ባትሪውን ከቀየራችሁ በኋላ ላዩን በጎማ ሸፍኑት፤ የተቀደደ ካላማዳሪ ይበቃል። የወንበሩ ስፕሪንግ ብረት ነው። ወፍራም ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ራሶች ከነካ ወንበሩ ይቃጠላል። ብዙ ቮልስ በዓለም ላይ በዚህ ምክንያት ተቃጥሏል።

ቤንዚኑ

ታንኩ ከፊት ነው፣ 40 ሊትር ይይዛል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት። ቀለም ቀለም፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ከሸተተ ቤንዚኑ ሞቷል። ሁሉንም አውጡና ታንኩን እጠቡ። ዝገት ከወጣ ታንኩን አውርዶ ማጽዳት ይሻላል።

የቆዩት ቮልሶች ዳሽቦርድ ላይ የቤንዚን መለኪያ የላቸውም። በምትኩ ከእግር በላይ አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ሲንተፋተፍ በእግር ጣት ገፋ ታደርጓታላችሁ፤ ለመጨረሻ የተቀመጠው 5 ሊትር ይለቀቃል። አክስቴ ይህን ሲያደርጉ አይናቸውን ከመንገድ አያነሱም ነበር። የእናንተዋ እንዲህ ያለች ከሆነች መቆጣጠሪያዋ መዞሯን ሞክሩ፤ ከደረቀች ጎሚኒዋ ይቀየር። ቤንዚን ቀድታችሁ ስትጨርሱም ወደ ቦታዋ መመለሷን እዩ፤ አለበለዚያ መጠባበቂያ የላችሁም።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ። ደህና ቢመስሉም ቀይሩ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችው አጭር ቱቦ ስትሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ነው። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ብረት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። አዲስ ቱቦ፣ አዲስ ማሰሪያ፣ መኪና ውስጥ ደግሞ የእሳት ማጥፊያ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሞተሩን በእጅ ማዞር

አራቱንም ካንዴላ አውጡ። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሩና አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ዲናሞው ራስ ላይ ያለውን ዳዶ በ21 ቁጥር ቁልፍ ያዙና በሰዓት አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቺንጋው ጠበቅ ያለ ከሆነ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ካልዞረ አታስገድዱት። ዘይት ጨምሩና አንድ ቀን ድገሙት።

እስኪላቀቅ ድረስ ሌላውን ሥራ ሥሩ። የሞተር ዘይቱን ቀይሩ፤ የሚገባው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ የላትም። ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች የታሰረ ክብ ሳህን አለ፤ እሱን ስትፈቱ የሽቦ ወንፊት ይወጣል። ወንፊቱን በቤንዚን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ተመልከቱት። ጥቁር ጭቃ ያለ ነው። የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ካለ ግን ሞተሩ ተከፍቶ መታየት አለበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ሥራ ይመጣል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ከሞተሩ በላይ ያለው ትልቅ የላሜራ ቤት ውስጥ ማራገቢያ አለ፤ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚነዳው እሱ ነው። ለአይጥ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቤት የለም። የአክስቴን ቮልስ ስንከፍት ጋሼ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተው ጎተቱ። መጀመሪያ የጤፍ ጭድ ወጣ። ቀጥሎ የተቦጨቀ የነጠላ ጥለት፣ ቀዩ ክር ገና ቀለሙን ይዟል። ከዚያ የሽንብራ ገለባ፣ ከዚያ ከነፎቶው የታኘከ የክብሪት ቀፎ። ሦስተኛው ሲሊንደር ጎን ያሉት ክንፎች እስኪደፈኑ ተጠቅጥቆ ነበር። በዚያ ሁኔታ ብናስነሳት ያ ሲሊንደር ጢጣ ሳንደርስ ይጋገር ነበር። ሽቦ፣ መብራት፣ ትዕግሥት፣ በመጨረሻም የነፋስ ፖምፓ ያስፈልጋል። ቀዳዳ ቀዳዳውን ሁሉ እዩ።

ሞተሩን የከበቡትን ላሜራዎችና ጠርዙን የሚዘጋውን ጎሚኒ "ትርፍ ነው" ብሎ የሚጥል ጋራዥ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። እያንዳንዷ ላሜራ የጋለውን አየር ከቀዝቃዛው ትለያለች።

ሞተሩ በእጅ ሲዞር የካንዴላውን ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን የኮንታክት ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ኮንታክቱ ከዛገ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። ካርቡራቶሩ ወርዶ ይታጠብ።

እዚህ ላይ የደሴ ነገር ይመጣል። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቡራቶሯን የምትነዱበት ከተማ አስተካክሉ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የቤንዚኗን ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ ቀስ እያደረጋችሁ አጥብቁ፤ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ለስላሳ ድምፅ እስኪሰጥ መልሳችሁ ፍቱ። ጥቂት ቀን ነድታችሁ ካንዴላ አውጡና እዩ። ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ልክ ናችሁ።

ፍሬን

ሁሉም ሰው የሞተር ድምፅ መስማት ይፈልጋል። እኔ ግን ፍሬኑ ሳይጠናቀቅ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም።

የድሮ ቮልስ አራቱም ጎማ ላይ የከበሮ ፍሬን ነው ያላት። በፈረንጆቹ እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት ላይ ደግሞ የፍሬን መስመሩ አንድ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ከዚህ የትም ብትሄዱ ቁልቁለት ነው።

ከበሮዎቹን አውልቁ። የኋለኞቹ ዳዶ 36 ቁጥር ነው፣ በጣም ጠብቆ የታሰረ ነው፤ መኪናዋ መሬት ላይ ሆና፣ ረጅም ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክታችሁ ነው የምትፈቱት። በክሪክ አንስታችሁ ይህን አትሞክሩ፣ ትወድቅባችኋለች። ከበሮው ሲወጣ የሚታየውን አቧራ በአፍም በፖምፓም አትንፉት። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ለሳንባ መርዝ ነው። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።

ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የፍሬን ሲሊንደሮች ጎሚኒ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ርጥበት ካለ ያፈሳል። ዝገት ካለ ሲሊንደሩ ራሱ ይቀየር። የጎማ ቱቦዎቹን ሳታመነቱ ቀይሩ። አሮጌ የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደህና ሆኖ ከውስጥ ያብጣል። ስትረግጡ ዘይቱ ያልፋል፣ ስትለቁ ግን አይመለስም። ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ከበሮው ይግላል።

አዲሱ የፍሬን ዘይት ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። የሚሞላበት ዕቃ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከትርፍ ጎማው ኋላ ነው። አየር ስታወጡ ከሩቁ ጀምሩ። የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንድ ሰው ይፈታል። የሚረግጠው "ያዝኩ" ሳይል አትፍቱ፤ የሚፈታው "ዘጋሁ" ሳይል አትልቀቁ። ፔዳሉ ስትረግጡት እንደ ድንጋይ ጠንከር ማለት አለበት። ስፖንጅ ከመሰለ አየር አለ፤ ድገሙት።

መነሳት

ውጭ አውጥታችሁ ነው የምታስነሱት። ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ካለ ልክ ነው። በጠርሙስ ንጹሕ ቤንዚን ለካርቡራቶሩ አዘጋጁ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በሞተሪኖ ጥቂት አዙሩ፤ ዘይቱ ይዳረሳል። ከዚያ ካንዴላ አስገቡና ሞክሩ።

ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶችን እዩ። አረንጓዴዋ የዘይት ግፊት ናት፣ ቀይዋ የዲናሞ። ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም መጥፋት አለባቸው። አረንጓዴዋ ካልጠፋች ወዲያው አጥፉ። ቀይዋ መንገድ ላይ ከበራችም ቁሙ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። እሱ ከተበጠሰ ነፋስ የለም፣ ነፋስ ከሌለ ሞተሩ ይቃጠላል። "ቤት ልድረስና" አይሠራም። ትርፍ ቺንጋ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ሐረጎ

የመጀመሪያውን ሰሞን እዚሁ ከተማ ውስጥ ንዱ። ከፒያሳ መናፈሻ፣ ከመናፈሻ ቧንቧ ውሃ። ማታ ማታ ከሥሯ ምን እንደፈሰሰ እዩ። ሁሉ ሰላም ከሆነ ኮምቦልቻ ውረዱ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ ግን 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ አብዛኛው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ሕጉ የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌሮች ሕግ ነው። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ለቮልስ ሦስተኛ፣ ኩርባው ሲጠብብ ሁለተኛ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ በፍጥነት ላይ ሆናችሁ ዝቅ ማድረግ ይከብዳል። ፍሬን ላይ እግራችሁን አታሳርፉ። ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁ። የከበሮ ፍሬን ሲግል ኃይሉ ይጠፋል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ከበሮው ላይ ውሃ አታፍሱ፣ ይሰነጠቃል። ከኋላ ሲኖትራክ ቢያስጮህባችሁ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት።

መመለሻው ቀላል ነው፣ ግን ዝግ ያለ ነው። ባለ 1,200 ሞተሩ ሲወለድም 34 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ከፍታው ሩቡን ወስዶበታል። በሁለተኛና በሦስተኛ ተረጋግታችሁ ውጡ። በአራተኛ እያንገዳገዳችሁ ማስጨነቁ ነው የሚጎዳው።

ቀለም አትቀቧት

መኪናዋ ስትነሳ የዘመድ ሁሉ ምክር አንድ ነው። "በሉ አሁን ቀይ ቀቧትና ለሰርግ ትከራይ"። እለምናችኋለሁ፣ ቆዩ። የመጀመሪያ ቀለሟ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ዝገት ያለበት ቦታ ብቻ ይጠገን። የተቀረውን በለስላሳ ጨርቅና በሰም ወልውሉት። የአክስቴ ቮልስ የበሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል፤ የእሳቸው የግራ ክርን ነው የላጠው። ያን ማንም ቀለም ቀቢ አይሠራልኝም።

ውስጧ ያለውን ነገር ሁሉ ጠብቁ። ከዳሽቦርዱ ጎን ትንሽ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ ያላት ካለች ዕድለኛ ናችሁ፤ ያኔ ፋሽን ነበር። የመብራት ሬዲዮ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራው የድሮው) ካላት በዲጂታል አትለውጡት። ባለሙያ ይይዘዋል፤ ባይሠራም ቦታው ላይ ይቀመጥ። በዚያ ሬዲዮ የብስራተ ወንጌል ጣቢያ ተሰምቷል። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም የሙዚቃ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የወጡት ዘፈኖች ደሴ የደረሱት በሬዲዮና በሸክላ ነው። እዚህ አካባቢ ያሉ ሰዎች ባቲና አምባሰልን እንደ ቅኝት ከመስማታቸው በፊት እንደ ገበያና እንደ ተራራ ነው የሚያውቋቸው። ያንን ሙዚቃ በቮልስ ውስጥ የሰሙት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን መኪናዋን አጥባችሁ ግቢ አቁሙና ቡና አፍሉ። የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ጥሩ። ሸክላና ማጫወቻ ያለው ቤት ካለ ተዋሱ። የቤተሰቡን አልበም አውጡ፤ ከቮልስ ጎን የተነሱት ፎቶዎች ላይ ታርጋውን አጉልታችሁ እዩት፣ ዘመኑን ያሳውቃችኋል። "ታስታውሷታላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አዎ" ብለው ዝም ይላሉ። "በእሷ የት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?" በሏቸው። ያኔ ነው ወሬው የሚመጣው። በአክስቴ ቮልስ ሐኪም ቤት ደርሰው የተወለዱ ሰዎች አሁን ልጅ አድርሰዋል፤ አንዲት እናት ምጣቸው ሐረጎ ላይ እንደጠናባቸው የነገሩኝ ሦስተኛውን ስኒ ይዘው ነው። ስም፣ ዓመት፣ ቦታ ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ።

ካነሳችኋት በኋላ

በሳምንት አንዴ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዷት። ቆማ ማስነሳት ብቻ አይበቃም፤ ፍሬኑም ማርሹም መንቀሳቀስ አለባቸው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ወንፊቱንም አብራችሁ እጠቡ። በዚያው ቀን፣ ሞተሩ በርዶ እያለ፣ የቫልቮላ ክፍተት ይስተካከል። እንደ ሞተሩ ዕድሜ ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የደሴን ብርድ ለማምለጥ ማሞቂያውን ስትከፍቱ የጭስ ሽታ ከገባ መስኮት ክፈቱና ማሞቂያውን ዝጉ። የቮልስ ማሞቂያ አየር የሚያልፈው በጭስ መውጫው ዙሪያ ነው፤ ከተበሳ የሚገባው ጋዝ ይገድላል። ሳይጠገን አትጠቀሙበት።

የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። የእነዚህ መለዋወጫ ግን አሁንም ይገኛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የምትልኩት ሰው ካለ አሮጌውን ዕቃ ራሱን ይዞ ይሂድ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም በወረቀት። "የቮልስ" ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሌላ ዓመት ዕቃ ይዞ ይመጣል። ዓመታዊ ምርመራውን አልፋችሁ ቦሎ ከለጠፋችሁ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ካያችሁኝ ጥሩምባ ንፉ፤ ሰማያዊዋ የእኔ ናት።